ቃል ቃልን ይጠራል፤ ስለ ሕፃናት የቃላት ትምህርት የቀረበ ምልልስ

ሰው ወደዚህ ዓለም ሲመጣ ያለ ልብስ እንደሚመጣ ሁሉ ያለ ቃልም ይመጣል፤ ነገር ግን ከእናቱ ጭን ሳይወርድ የሰማውን ድምፅ ካየው ነገር ጋር እያዛመደ፣ ገና ስድስት ዓመት ሳይሞላው በሺህ የሚቈጠሩ ቃላትን በአእምሮው መዝገብ ያኖራል። ይህ ሀብት በአንዱ ሕፃን ዘንድ በዝቶ፣ በሌላው ዘንድ አንሶ መገኘቱ ኋላ መጽሐፍ በሚገለጥበት ጊዜ ይታወቃል፤ ፊደሉን ለይቶ የሚያነብ፣ ዳሩ ግን ያነበበውን ቃል ትርጓሜ የማያውቅ ልጅ ንባቡ ድምፅ ብቻ ሆኖ ይቀርበታልና። ስለዚህ የሕፃናት የቃላት ሀብት በምን መንገድ ሊሰፋ ይችላል የሚለው ጥያቄ የመምህራን ብቻ ሳይሆን ልጅ የሚያሳድግ ሰው ሁሉ ጥያቄ ነው። ከዚህ በታች ያለው ምልልስ ይህንኑ ለመመርመር የተጻፈ ሲሆን ተናጋሪዎቹ ሁለት ናቸው፤ አንደኛው በደብር አጸድ ፊደልና ዳዊት፣ ኋላም ቅኔ ሲያስተምሩ የሸመገሉ የኔታ፣ ሁለተኛይቱም በመዋዕለ ሕፃናት ከአራት እስከ ስድስት ዓመት የሆናቸውን ልጆች የምታስተምር መምህርት ናት።

የኔታ፦ ልጄ፣ ትናንት በትምህርት ቤታችሁ አጥር ሥር ሳልፍ የልጆቹን ድምፅ ሰምቼ ቆም አልሁ። አንቺ «ዝናብ» ብለሽ ስትጠሪ፣ አንዱ «ጭቃ»፣ ሌላው «ጃንጥላ»፣ አንዲቱ ደግሞ «የአያቴ ቤት» እያሉ እየተሻሙ ይመልሱ ነበር። እኛ ልጅን ስናስተምር አንዱን ቃል ከነድምፁ አጥርቶ እስኪይዝ ድረስ እናስደግመዋለን እንጂ በአንድ ቃል ላይ ዐሥር ቃል እንዲያዥጎደጉድ አንለቅቀውም። ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም ይባላልና፣ ነገሩን ለመረዳት ያህል ልጠይቅሽ፤ ይህ ጨዋታ ነው ወይስ ትምህርት?

መምህርት፦ ሁለቱም ነው፣ የኔታ። «ዝናብ» የሚለውን ቃል ልጆቹ ሁሉ ያውቁታል፤ እኔ የጠራሁትም በዚህ በታወቀው ቃል ዙሪያ እያንዳንዱ ልጅ የሚያውቀውን ሌላ ቃል እንዲያወጣና፣ አንዱ ያወጣውን ሌላው የማያውቀው ቢሆን ከባልንጀራው አፍ እንዲማረው ብዬ ነው። ለምሳሌ አንድ ልጅ «ዝናብ ሲበዛ ውሃው መንገድ ላይ እየሮጠ ጫማ ይወስዳል» አለ፤ ነገሩን አይቶታል፣ ስሙን ግን አላገኘውም። «ይህ ጎርፍ ይባላል» ብዬ በዚያው ቅጽበት ቃሉን ብሰጠው፣ ነገሩን በልቡናው ይዞ ስሙን ሲፈልግ ነበርና ወዲያው ተቀበለው፤ ሌሎቹም ከእርሱ ጋር ተቀበሉት። ያንኑ ቃል ያለ ዝናቡና ያለ ጫማው በሰሌዳ ላይ ጽፌ ደጋግሜ ባስጮኻቸው ኖሮ ድምፁን ይዘው ነገሩን ባላገኙት ነበር።

የኔታ፦ ስለ ጎርፉ የተናገርሽው መልካም ነው። ነገር ግን ዝናብንና የአያትን ቤት ምን አገናኛቸው? እንዲህ ያለውን መልስ ዝም ብሎ መቀበል ልጅን ላልተገራ ንግግር ማስለመድ አይሆንምን?

መምህርት፦ ዝም ብዬ አልተቀበልሁትም፤ «ለምን?» ብዬ ጠየቅኋት። እርስዋም የአያቷ ቤት ጣራ ቆርቆሮ መሆኑን፣ ማታ ዝናብ ሲወርድበት ከጩኸቱ የተነሣ መነጋገር እንደማይቻል፣ አያቷም ያን ጊዜ ጋቢ አልብሰው እንደሚያቅፏት ነገረችን። እኔም ነገሩን ከእርስዋ ተቀብዬ፣ በቆርቆሮው ላይ ቀስ ብሎ የሚያንጠባጥበው ካፊያ፣ አጥብቆ የሚወርደው ዶፍ፣ ጠጥሮ የሚወርደው በረዶ እንደሚባል፣ ዝናቡም ሲያቆም «አባራ» እንደምንል አስከትዬ ተናገርሁ። እንግዲህ ከአንዲት ሕፃን መልስ ይህን የሚያህል ቃል ወጣ። የልጅ መልስ ከነገሩ የራቀ የሚመስለው ምክንያቱ እስኪጠየቅ ድረስ ብቻ ነው፤ ልጁ ሁለቱን ቃላት ያገናኘበትን ማሠሪያ ለመግለጥ ሲሞክር ያለ ሙሉ ዐረፍተ ነገር ሊገልጠው ስለማይችል፣ «ለምን?» በምትለው ጥያቄ ከአንድ ቃል መልስ ወደ ንግግር ይሻገራልና። በእኔ አስተያየት የዚህ ትምህርት ማዕከሉ ቃሉን ማስጠራቱ ሳይሆን ይህች ጥያቄ ናት።

የኔታ፦ ነገሩ እየተገለጠልኝ መጣ። ግን ይህ አንዱን ቃል በሌላው የማስነሣት ጥበብ በማን የተጀመረ ነው?

መምህርት፦ ሐሳቡ ጥንታዊ ነው። የግሪኩ ፈላስፋ አርስጣጣሊስ ስለ ትዝታ በጻፈው ድርሳን፣ ሰው አንዱን ነገር ሲያስብ ሌላው የሚታወሰው በመመሳሰል፣ በመቃረን ወይም በመጎራበት መሆኑን አስቀድሞ ተናግሯል። ከብዙ ዘመን በኋላ ፍራንሲስ ጋልተን የተባለ እንግሊዛዊ ሊቅ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1879 75 ቃላት መርጦ፣ እያንዳንዱ ቃል በገዛ አእምሮው ምን እንደሚያስነሣ እየጻፈ ቢመረምር፣ ከተነሡት ሐሳቦች ብዙዎቹ ከልጅነቱ ዘመን የመጡ ሆነው አገኛቸው። በዚያው አቈጣጠር በ1910 ደግሞ ኬንትና ሮዛኖፍ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በአሜሪካ 100 ቃላትን ለ1000 ሰዎች አቅርበው መልሳቸውን ሰበሰቡ፤ «ጠረጴዛ» ሲባል የብዙው ሰው መልስ «ወንበር» ነበር። እነዚህ ሁሉ የመረመሩት በአብዛኛው የዐዋቂውን አእምሮ ሲሆን፣ ለእኛ ለሕፃናት አስተማሪዎች የሚጠቅመው ግን ሮጀር ብራውንና ጂን በርኮ በ1960 ያወጡት ጥናት ነው።

የኔታ፦ እነርሱስ ምን አገኙ?

መምህርት፦ ሕፃንና ዐዋቂ ቃላትን የሚያገናኙበት መንገድ አንድ እንዳልሆነ አሳዩ። ነገሩን በእኛው ቋንቋ ልግለጠውና፣ «ውሻ» ቢሉት ዐዋቂ ሰው «ድመት» ይላል፤ ይኸውም ስምን ከስም፣ እንስሳን ከእንስሳ ጋር በወገን በወገኑ ስለሚያኖር ነው። ሕፃኑ ግን «ይጮኻል» ወይም «ነከሰኝ» ይላል፤ እርሱ ዘንድ ቃሉ የተቀመጠው በንግግር ውስጥ ከሚከተለው ቃልና ከደረሰበት ነገር ጋር ነውና። በሌሎች ተመራማሪዎች እንደ ታየውም አብዛኞቹ ልጆች ከሕፃኑ መንገድ ወደ ዐዋቂው መንገድ የሚሻገሩት በዐምስትና በዘጠኝ ዓመት መካከል ባለው ዕድሜ ነው። ስለዚህ የአራት ዓመት ልጅ «ውሻ» ሲሉት «ነከሰኝ» ብሎ ቢመልስ አልተሳሳተም፤ ዕድሜው የሚፈቅድለትን በትክክል ሠርቷል። የአስተማሪው ሥራ ልጁ ካለበት ተነሥቶ ወደሚቀጥለው ማሻገር ነው።

የኔታ፦ እንዲህ ከሆነ ነገሩ ለእኛም ባዕድ አይደለም። ሕፃኑ ከሀሁ ተነሥቶ በአቡጊዳና በፊደለ ሐዋርያ በኩል አልፎ ዳዊት ሲደግም 150ውን መዝሙር በግዕዝ ያነብባል፤ ንባቡም ይቃናለታል፤ ትርጓሜውን አብጠርጥሮ የሚያገኘው ግን ቅኔ ቤት ሲገባ ነው። በዚያ ግስ ሲወርድ አንዱ ግስ ብቻውን ተነጥሎ አይሰጥም፤ ቀተለ፣ ቀደሰ፣ ገብረ፣ አእመረ፣ ባረከ፣ ሤመ፣ ብህለ፣ ቆመ በተባሉት በስምንቱ አርእስት ሥር ሁሉም ከአምሳያው ጋር ይሰለፋል፤ ቀተለን ማርባት ያወቀ ተማሪ የቀተለን ሠራዊት ሁሉ ያረባል። ሁለት ቤት ያላትን ጉባኤ ቃና ሊቈጥር ሲቀመጥም፣ ሰሙንና ወርቁን በአንድ የሚያስተባብር ቃል እስኪያገኝ ድረስ ያንን ካንዱ ይህን ከሌላው እያመሳሰለ ሲያወጣ ሲያወርድ ያድራል። አንቺ ለሕፃናቱ በጨዋታ የምትጀምሪላቸው ይህንኑ የልቡና ሥራ መሆኑን አሁን አስተዋልሁ። ሆኖም አንድ ነገር አትዘንጊ፤ መደጋገምን ንቀሽ አትተዪው። መደጋገም ድር ነው፣ ማዛመድም ማግ ነው፤ ድሩ ካልተዘረጋ ማጉ የሚገባበት የለም፣ ማጉም ካልገባ ድሩ ልብስ አይሆንም።

መምህርት፦ ምክርዎን በሙሉ ልብ እቀበላለሁ፤ አንድ ጊዜ የተሰማ ቃል በልጁ ዘንድ አይጸናምና። ይህንንም ሱዛን ኬሪና ኤልሳ ባርትሌት በ1978 ያሳተሙት ጥናት ያስረዳል። ሦስትና አራት ዓመት የሆናቸውን ልጆች «ሰማያዊውን ሳይሆን ክሮሚየም የሆነውን ትሪ አምጣልኝ» ቢሏቸው፣ የቀለሙን ስም ከዚያ በፊት በዚያ ትርጓሜ ሰምተውት የማያውቁ ሲሆኑ፣ ሰማያዊውን ከሚያውቁት ተነሥተው ሌላውን ትሪ ለይተው አመጡ፤ ከሳምንታት በኋላም አንዳንዶቹ ቃሉ የቀለም ስም እንደ ሆነ ያስታውሱ ነበር። ይህ በአንድ በኩል ሕፃን አዲሱን ቃል ከታወቀው ጋር በማነጻጸር እንዴት ፈጥኖ እንደሚይዝ ያሳያል፤ በሌላ በኩል ግን በዚያች በአንዲት ጊዜ የያዙት የትርጓሜውን ጫፍ ብቻ ነበር፣ ሙሉው የሚገኘው በመመላለስ ነውና፣ የእርስዎን ቃል ያጸናል። እኔ የምለየው በድግግሙ ዓይነት ነው፤ ቃሉ ዛሬ በሥዕል፣ ነገ በእንቆቅልሽ፣ ከነገ ወዲያ በተረት እየመጣ፣ በመጣ ቍጥርም ሌላ ዘመድ ይዞ ቢመጣ፣ ልጁ ሳይሰለች ይደግመዋል።

የኔታ፦ እንግዲህ ሥርዐቱን በተራ ንገሪኝ። ከየት ትጀምሪያለሽ?

መምህርት፦ ልጁ በየቀኑ በዐይኑ ከሚያየው ነገር እጀምራለሁ፤ በብዙዎቻችን ቤት ደግሞ ከቡና የሚበልጥ መነሻ የለም። ልጆቹን «ቡና ሲፈላ ምን ምን ይደረጋል?» ብዬ ስጠይቃቸው፣ ታጠበ፣ ተቈላ፣ ተወቀጠ፣ ፈላ፣ ሰከነ፣ ተቀዳ፣ ተጠጣ እያሉ ሥራውን በቅደም ተከተሉ ይናገራሉ። ቀጥሎም እያንዳንዱ ሥራ ዕቃውን ይጠራል፤ ለመቍላቱ ብረት ምጣድ፣ ለመውቀጡ ሙቀጫና ዘነዘና፣ ለማፍላቱ ጀበና፣ ለመቅዳቱ ስኒና ረከቦት ይመጣሉ። ከዚያ በኋላ የልጁን አእምሮ ከሥራው ወደ ወገኑ የሚያሻግረውን ጥያቄ አመጣለሁ፤ «ከቡና ሌላስ ምን ይቈላል?» ስላቸው ገብስ፣ ሽንብራ፣ ስንዴ ይላሉ፤ «ሌላስ ምን ይወቀጣል?» ስላቸው በርበሬ ይላሉ፤ «ሌላስ ምን ይፈላል?» ስላቸው ሻይና ወተት ይላሉ። ገብስና ሽንብራ፣ ቡናና ስንዴ «ይቈላል» በሚለው በአንድ ቃል ሥር ሲሰበሰቡ፣ ማንም ሳይነግረው የወገን ሐሳብ በሕፃኑ ልቡና ይፀነሳል። ቀደም ብዬ የተናገርሁት መሻገር በእኔ ልምድ በዚህች «ሌላስ?» በምትለው ቃል ይቃናል።

የኔታ፦ ይህ እጅግ ደስ ያሰኛል፤ መጽሐፍም ወጪም አይጠይቅምና። እኔም ስለ ጀበናዋ አንድ ነገር ልጨምርልሽ። የመጻሕፍት መምህራን በአንድምታ አንዱን ቃል «አንድም» እያሉ በብዙ ትርጓሜ እንደሚያመላልሱት፣ ልጆቹን ጀበናዋን እያሳየሽ አንገቷ የት ነው፣ ሆዷ የት ነው፣ አፏ የት ነው፣ ጆሮዋስ የት ነው ብለሽ ብትጠይቂያቸው፣ በሰው ገላ ላይ የሚያውቁት ቃል በዕቃም ላይ እንደሚነገር ያያሉ። እንዲሁም ዐይን ስትዪ የሰው ዐይን፣ የመርፌ ዐይን፣ የእንጀራ ዐይን አለ። አዲስ ቃል መጨመር ብቻ ሳይሆን የታወቀውን ቃል ማስፋትም ሀብት ነው።

መምህርት፦ እውነት ነው፤ ከነገ ጀምሮ አደርገዋለሁ። ሁለተኛው መንገድ በቦታ መሰብሰብ ነው። ኮሜኒዩስ የተባለው የሞራቪያ ሊቅ በ1658 በላቲንና በጀርመን ቋንቋ ባሳተመው ባለ ሥዕል የሕፃናት መጽሐፍ፣ 150 ምዕራፎችን አዘጋጅቶ፣ በየምዕራፉ አንድ ትዕይንት አስሥሎ፣ በሥዕሉ ውስጥ ያለውን እያንዳንዱን ነገር በቍጥር ከስሙ ጋር አያይዞታል፤ ቃላቱንም በፊደል ተራ ሳይሆን በሚኖሩበት ስፍራ ሰብስቧቸዋል። እኛም እንዲሁ ላም ከነጥጃዋና ከነበረቷ፣ ዶሮ ከነጫጩቷና ከነቆጧ፣ ንብ ከነቀፎዋ፣ ፈረስ ከነውርንጭላው ስናነሣ፣ ቃላቱ እርስ በርስ ይጠባበቃሉ፤ አንዱ ሲጠፋ ሌላው ያስገኘዋል።

ሦስተኛው ደግሞ ልዩውን ማውጣት ነው። «ላም፣ በግ፣ ፍየል፣ ዶሮ፤ ከእነዚህ የማይመሳሰለው የትኛው ነው?» ስላቸው ብዙዎቹ ዶሮን ያወጣሉ፣ ሁለት እግር ብቻ ስላላት። ነገር ግን አንዱ ላምን አውጥቶ «ትልቅ ናት» ቢል፣ ሌላይቱም ፍየልን አውጥታ «ሣር ትታ ዛፍ ላይ ትንጠላጠላለች» ብትል፣ ምክንያት ሰጥተዋልና ሁለቱም ተቀባይነት አላቸው። በዚያው ላይ በግ ሣር ይግጣል፣ ፍየል ቅጠል ትቀነጥባለች፣ ዶሮ መሬት ትጭራለች ብዬ የየአንዳንዱን ግብር ለይቶ የሚናገረውን ቃል እሰጣቸዋለሁ። «ይበላል» በሚለው በአንዱ ቃል ሁሉን ይገልጡ የነበሩት ልጆች ሦስት ቃል አተረፉ ማለት ነው።

የኔታ፦ ተቃራኒውንስ እንዴት ታስተምሪዋለሽ? ትልቅና ትንሽ፣ ሙቅና ቀዝቃዛ እያሉ ማስጮኽ በየትምህርት ቤቱ የተለመደ ነውና።

መምህርት፦ ማስጮኹ ይደረግ፤ ግን በዚያ አይቁም። በሙቁና በቀዝቃዛው መካከል ደረጃ አለ፤ ውሃው ፈላ፣ ሞቀ፣ ለብ አለ፣ ቀዘቀዘ፣ በረዶ ሆነ እያልን ልጆቹን በተርታ አቁመን እያንዳንዱን በአንድ ቃል ብንሰይመው፣ ትርጓሜ በሁለት ጫፍ ብቻ የተከፈለ አለመሆኑን በእግራቸው ቆመው ይማሩታል። ደግሞም የደረቀ እንጨት ተቃራኒው እርጥብ ሲሆን የደረቀ እንጀራ ተቃራኒው ግን ለስላሳ ነው፤ ተቃራኒ የሚገኘው ከቃሉ ብቻ ሳይሆን ቃሉ ከተጎራበተው ነገርም እንደ ሆነ በዚህ ይታወቃል።

የኔታ፦ እስካሁን የዘረዘርሻቸው ማሠሪያዎች በማናቸውም ቋንቋ የሚገኙ ናቸው። የእኛ ቋንቋ ግን አጥብቆ የሚጠቀምበት አንድ ማሠሪያ አለው፤ እርሱም ግሱ ነው። አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ያዘጋጁትና በ1948 ዓ.ም. የታተመው ታላቁ የግዕዝ መዝገበ ቃላት፣ በ1962 ዓ.ም. የታተመው የአለቃ ደስታ ተክለ ወልድ ያማርኛ መዝገበ ቃላትም፣ ግሱን መነሻ አድርገው ከእርሱ የሚወጡትን ቃላት በሥሩ ይሰበስባሉ። ሊቃውንቱ ለዐዋቂዎች ያደረጉትን ለሕፃናት ማድረግ አይቻልምን?

መምህርት፦ ይቻላል፤ በተለይ ስድስት ዓመት ለሞላቸው። «ጠረገ» እላቸዋለሁ፤ የሚጠርገው ማን ይባላል ስል ጠራጊ፣ የሚጠረግበትስ ስል መጥረጊያ፣ ተጠርጎ የሚጣለውስ ስል ጥራጊ ይላሉ። «ቆረሰ» ስላቸው ቍራሽ ይላሉ፤ ጥቂት ቆይቶም ጠዋት የሚበሉት ቍርስ ከዚያው ቤት መሆኑን ራሳቸው ሲያገኙት ደስታቸው ወሰን የለውም። ልጆች ይህን የማርባት ኀይል በተፈጥሮ እንዳላቸው ጂን በርኮ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1958 በእንግሊዝኛ አሳይታለች፤ ትርጉም የሌለው አዲስ ቃል ፈጥራ ብትሰጣቸው፣ ልጆቹ ፈጽሞ ሰምተውት የማያውቁትን ያንን ቃል በቋንቋቸው ሥርዐት መሠረት ወደ ብዙ ቍጥር ለውጠውታል። የእኛም ልጅ ቍልፍን «መክፈቻ» ብሎ ቢጠራ ሊሣቅበት አይገባም፤ ቋንቋው በሰጠው ሕግ ሠርቷልና። «አዎን፣ መክፈቻ ነው፤ ስሙም ቍልፍ ይባላል» ብሎ ማስቀጠል ይበቃል።

የኔታ፦ እንቆቅልሽንስ ረሳሽውን? አባቶቻችን ማታ እሳት ዳር ልጆችን የሚያነቁበት እርሱ አልነበረምን?

መምህርት፦ አልረሳሁትም፤ ከሁሉ ኋላ ያስቀመጥሁት ሁሉን ስለሚያጠቃልል ነው። እንቆቅልሽ የነገሩን ስም ሰውሮ ዘመዶቹን ብቻ ይናገራል፤ ልጁም ከዘመዶቹ ተነሥቶ ስሙን ይፈልጋል። «እንቆቅልህ» ብዬ «ምን አውቅልህ» ሲሉኝ፣ «አንገቷ ቀጭን፣ ሆዷ ሰፊ፣ እሳት ላይ ተቀምጣ ጎረቤት ትጠራለች» ብላቸው ጀበና መሆኗን ያገኛሉ። «ሺህ ዐይን አለው፣ አንዱም አያይም» ብላቸው ደግሞ አንዱ እንጀራ፣ ሌላው ወንፊት ይላል፤ እኔም ሁለቱን አከራክሬ የሁለቱንም ምክንያት እሰማለሁ። መልሱን ያጣው ልጅ «አገር ስጠኝ» ሲባል የአገር ስም መጥራት አለበትና ጎንደርን፣ ሐረርን፣ ጅማን እየጠራ መልክዐ ምድርንም ይለምዳል። በመጨረሻም ልጆቹ ራሳቸው እንቆቅልሽ እንዲያወጡ አደርጋለሁ፤ ያን ጊዜ የነገሩን ባሕርይ መርጠው ማውጣት ስላለባቸው ከመመለሱ ይልቅ ማውጣቱ ያስተምራቸዋል።

የኔታ፦ እንግዲህ ሁለት ጥርጣሬ ቀረኝ። የመጀመሪያው ስለ ልጆቹ ብዛት ነው፤ በአንድ ክፍል ብዙ ልጅ ታጭቆ ሳለ ደፋሩ ብቻ ተናግሮ ዐይነ አፋሩ ዝም ብሎ አይቀርምን? ሁለተኛውም በባዕድ አገር ስለሚያድጉት ልጆቻችን ነው፤ በዋሽንግተን ወይም በእስራኤል ያለ ልጅ ቆጡንና በረቱን፣ ሙቀጫውንና ዘነዘናውን ከየት ያውቀዋል?

መምህርት፦ ስለ መጀመሪያው፣ ቃሉን ከሰጠሁ በኋላ ሁሉም በአንድነት ከመመለሳቸው በፊት ሁለት ሁለት ሆነው እርስ በርሳቸው እንዲነጋገሩ አደርጋለሁ፤ በጉባኤ የማይናገር ልጅ ለባልንጀራው በጆሮው ይናገራልና። ኋላም «ጓደኛህ ምን አለህ?» ብዬ ስጠይቅ ዐይነ አፋሩ የባልንጀራውን ቃል ለመናገር አያፍርም። ጨዋታው ከዐሥርና ከዐሥራ ዐምስት ደቂቃ እንዳይበልጥ እጠነቀቃለሁ፤ ነጥብም አልሰጥበትም፤ ነጥብ የተሰጠበት ዕለት ልጁ በልቡ የመጣውን ትቶ አስተማሪው የሚወደውን መልስ ብቻ መፈለግ ይጀምራል። ሐዘን ወይም ድንጋጤ የደረሰበት ልጅ ካለም ያንን የሚነካ ቃል አልመርጥም።

ስለ ሁለተኛው፣ በባዕድ አገር ያለ ልጅ አማርኛን የሚሰማው በአብዛኛው በቤትና በጸሎት ቤት ነው፤ በቤትም የሚሰማው ብዙ ጊዜ ና፣ ብላ፣ ተኛ፣ ዝም በል የሚለውን ትእዛዝ ነው። በትእዛዝ ብቻ ቋንቋ አይሰፋም። እንዲህ ላለው ልጅ መነሻው ቆጥና በረት መሆን የለበትም፤ እዚያው የሚያየው በረዶ፣ ባቡር፣ የትምህርት ቤቱ አውቶቡስ ይሁን። «ዝናብ» ሲሉት የጃንጥላን ስም በእንግሊዝኛ ወይም በዕብራይስጥ ቢመልስ፣ ወላጁ ሳይቈጣ «አዎን፣ ጃንጥላ» ብሎ ቃሉን በአማርኛ ይመልስለት። ነገሩ በልጁ ልቡና አለ፣ ከዝናብ ጋር ያለውን ዝምድናም ዐውቆታል፤ የቀረው ሁለተኛ ስም ብቻ ነው። ተቈጥቶ ያስቆመው ወላጅ ግን ስሙንም ዝምድናውንም በአንድነት ያሳጣዋል። ጀበናውና ሙቀጫው በቤቱ ካሉ ደግሞ ቡና በሚፈላበት ዕለት ልጁን አጠገቡ ያስቀምጠው።

የኔታ፦ አሁን ጥርጣሬዬ ተፈታ። ፍርዴንም ልናገር። ሕፃን ቃልን የሚሰበስበው አንድ በአንድ ሳይሆን ከዘመዱ ጋር እያያያዘ ነው፤ ዘመድ የሌለው ቃል በልቡናው አይሰነብትም። ስለዚህ አስተማሪ ሆነ ወላጅ አዲስ ቃል ለልጅ ሲሰጥ አስቀድሞ ልጁ ከሚያውቃቸው ቃላት የትኛው ዘመዱ እንደ ሆነ ያስብ፤ ከሰጠም በኋላ ደጋግሞ ያምጣው፤ ልጁም በራሱ መንገድ ሲያዛምደው ምክንያቱን ይጠይቀው። እኔም በበኩሌ ፊደል የሚቈጥሩት ልጆች ፊደሉን በለዩ ጊዜ፣ በዚያ ፊደል የሚጀምረውን ቃል ከነዘመዶቹ እንዲጠሩ ከእንግዲህ አደርጋለሁ።

መምህርት፦ እኔም ከእርስዎ የመደጋገምን ሥርዐትና የአንድምታውን ጥበብ ይዤ እሄዳለሁ። የምሰጋው በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይህ ሁሉ የሚሠራው መልስ የሚሰማ ሰው ሲኖር ነው። ሥዕል የሚያሳይ፣ ድምፅ የሚያሰማ መሣሪያ ዛሬ በየእጁ አለ፤ ሕፃኑ «የአያቴ ቤት» ሲል ምክንያቱን ጠይቆ፣ የጐደለውን ቃል በሰዓቱ የሚያቀብለው ግን አጠገቡ የተቀመጠ ሰው ነው።

ምልልሱ በዚህ ይፈጸማል። አንባቢ ሆይ፣ ልጅ ካለህ ወይም የሰው ልጅ የምታስተምር ከሆንህ፣ ከዛሬ ጀምሮ በየዕለቱ አንድ የታወቀ ቃል ምረጥ፤ ልጁ በእርሱ ላይ ምን እንደሚያስታውስ ጠይቀው፤ «ለምን?» በለው፤ «ሌላስ?» በለው፤ ያጣውን ቃል ስጠው፤ መልሱንም ሳታቋርጥ እስከ ፍጻሜው ስማው።